ይድረስ ለመምህራን ስልጠና አዘጋጆች፦ ስላይዱን ተዉትና ያረምነውን ወረቀት እዩልን

ጤና ይስጥልኝ።

የሂሳብ መምህር ነኝ። ስለ ተማሪዎች ምዘና በተዘጋጁ ስልጠናዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሰርተፍኬቶቼ አንድ ክላሰር ሞልተዋል። ይህን የምጽፈው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ከእነዚያ ስልጠናዎች አንዱ አስተራረሜን ከሥሩ ለውጦታል። የቀሩት ግን አልነኩኝም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ስብሰለሰልበት ቆይቻለሁ። እናንተ ደግሞ ሁልጊዜ ቀጣዩን ስልጠና እያቀዳችሁ ነውና ብትሰሙኝ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ከስልጠና በፊት እንዴት እንደምመዝን ልንገራችሁ። እንደተመዘንኩት ነበር የምመዝነው። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪዎቼ ምዕራፉን ይጨርሳሉ፣ ይፈትናሉ፣ ያርማሉ፣ ውጤት ይነግሩናል፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ። እኔም ያንኑ ወረስኩ። ኮሌጅ እያለሁ ስለ ምዘና አንድ ኮርስ ወስጃለሁ። አማካይ ማስላት፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ማስላት፣ የጥያቄ ዓይነቶችን መዘርዘር። ጥሩ ውጤት አመጣሁበት። ክፍል ስገባ ግን ከኮርሱ ትዝ ያለኝ የምርጫ ጥያቄ አራት አማራጭ እንደሚኖረው ብቻ ነበር።

ታዲያ አራቱን እንዴት ነበር የምሞላው? ትክክለኛውን እጽፋለሁ። አንድ የሚያሳስት እጨምርበታለሁ። ሦስተኛውን እንደመጣልኝ። ሰዓት ካጠረኝ "ሁሉም መልስ ናቸው" ብዬ አራተኛውን እዘጋዋለሁ። መምህራን ይህን ስታነቡ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ያላደረገው ማን አለ?

የመጀመሪያው ስልጠና ሁለት ቀን ነበር። ትልቅ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ማለቂያ የሌለው ስላይድ። አሰልጣኙ ዕውቀት አላነሰውም። ትምህርቱ እየተሰጠ ልጁን ለማገዝ በሚደረገው ገንቢ ምዘናና መጨረሻ ላይ ውጤት ለመስጠት በሚደረገው ማጠቃለያ ምዘና መካከል ያለውን ልዩነት አስረዳን። ማይክል ስክሪቨን ሁለቱን በ1967 እ.ኤ.አ. እንደለያቸው ነገረን። በ1956 እ.ኤ.አ. የወጡትን የብሉም ስድስት የአስተሳሰብ ደረጃዎች አስቆጠረን። ደብተሬ ላይ ሁሉንም ጻፍኩ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ገባሁና ያለፈውን ዓመት ፈተና ፎቶ ኮፒ አስደረግሁ።

ስንፍና አልነበረም። ለሦስት ሰዓት ያህል ስለ ገንቢ ምዘና ንግግር ያደረጉልን ሰዎች ከእኛ የጠየቁት ነገር ቢኖር የመገኘት ፊርማ ነው። ገብቶን እንደሆነ አንዴ እንኳን አልመዘኑንም። ስለ ምዘና የሚሰጥ ስልጠና ራሱ ምዘና የለውም! ያን ጊዜ ግን አላስተዋልኩትም።

በ2007 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ግምገማ አለ። ስለ መምህራን ስልጠና የተጻፉ ከ1,300 በላይ ጥናቶችን ሰብስቦ አበጠራቸው። የጥራት መስፈርቱን ያለፉት 9 ብቻ ነበሩ። በእነዚያ ውስጥ ከ14 ሰዓት ያልበለጠ ስልጠና በተማሪዎች ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እስቲ የሁለት ቀን ስልጠናን አስቡት። ምዝገባው፣ የመክፈቻ ንግግሩ፣ እረፍቱ፣ የሰርተፍኬት አሰጣጡና የቡድን ፎቶው ሲቀነስ አሥር ሰዓት ከተረፈ ጥሩ ነው። ሰዓቱን ማብዛት ብቻውን መፍትሔ ነው አልልም። ያንኑ ስላይድ ለሃምሳ ሰዓት ብታሳዩን የምናገኘው የሃምሳ ሰዓት እንቅልፍ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የዚህኛው የጥሪ ወረቀት አንዲት ያልለመድናት መስመር ነበረባት። "አርማችሁ የጨረሳችሁትን አምስት የፈተና ወረቀት ይዛችሁ ኑ" ትላለች። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። የተማሪዎቼን ስም ሸፈንኩ። የራሴን እርማት ግን መሸፈን አልቻልኩም። ቀይ ኤክስ፣ ቀይ ኤክስ፣ ራይት፣ ቀይ ኤክስ፣ ከላይ ደግሞ የተከበበ ቁጥር። ሌላ ምንም የለም።

አሥራ ሁለት ነበርን። አሰልጣኟ መጀመሪያ ለሁላችንም የአንድን ልጅ መልስ አባዝታ አደለችን። ጥያቄው ከአሥር የሚታረም ነው፤ የአንድን የውሃ ታንከር ይዘት ማስላት። ልጁ ቀመሩን በትክክል ጽፏል፣ ቁጥሮቹን በትክክል ተክቷል። ማባዛቱ ላይ ስቷል። መጨረሻ ላይ መለኪያውንም አልጻፈም። "ሳትነጋገሩ እረሙ" አለችን። አረምን። ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ስትጽፈው ከ2 እስከ 8 ሆነ።

ክፍሉ ተናወጠ። ሁለት የሰጠችው ባልደረባችን "መልሱ እኮ ስህተት ነው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" አለች። ስምንት የሰጠው ብድግ ብሎ "ልጁ ገብቶታል! የሳተው ማባዛት ነው" አለ። አንዱ ደግሞ ቀስ ብሎ "ጽሑፉ ንጹሕ ስለሆነ ትንሽ ጨመርኩለት" ሲል ሳቅን። እኔ አምስት ነበር የሰጠሁት። ለምን አምስት ስባል መልስ አጣሁ። መሃል ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

አሰልጣኟ ያኔ ነው የ1912 እ.ኤ.አ.ን ታሪክ ያነሳችው። ዳንኤል ስታርች እና ኤድዋርድ ኤልየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን ገልብጠው ለብዙ ትምህርት ቤቶች ላኩ። 142 መምህራን አርመው መለሱ። ለአንደኛው ወረቀት የተሰጠው ውጤት ከ64 እስከ 98፣ ለሌላኛው ከ50 እስከ 97 ተበታተነ። "ቋንቋ ስለሆነ ነው፣ ሂሳብ ቢሆን ይህ አይፈጠርም" የሚል ነገር ተነሳ። በቀጣዩ ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ላኩ። ይባስ ብሎ ልዩነቱ ሰፋ። እኛ የሂሳብ መምህራን ይህን ስንሰማ ጸጥ አልን።

ልብ በሉ። ይህንኑ ታሪክ በመጀመሪያው ስልጠና ስላይድ ላይ ብሰማው ኖሮ "ድሮ ድሮ እንዲህ ነበር" ብዬ አልፈው ነበር። የሰማሁት ግን የራሴ አምስት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ፣ ምክንያት አጥቼ በቆምኩበት ሰዓት ነው።

ትክክለኛው ውጤት ይህ ነው አላለችንም። "ይህ ጥያቄ ምኑን ሊለካ ነው የወጣው?" ብላ ጠየቀች። ማባዛት መቻሉን ነው? ቀመሩን ማወቁን? ወይስ ችግሩን አንብቦ የቱን ቀመር እንደሚጠቀም መለየቱን? ለካስ አሥራ ሁለታችንም የተለያየ ነገር ስንለካ ነበር። ለእያንዳንዱ ደረጃ ስንት እንደሚሰጥ ተከራክረን ጻፍንና ሌላ ወረቀት አረምን። ሁለተኛው ላይ ልዩነታችን ወደ ሁለት ነጥብ ወረደ። ሩብሪክ የሚሉትን ይህን የነጥብ አሰጣጥ መስፈርት ትርጉሙን ከዚያ በፊት አሳምሬ ጽፌው አውቃለሁ። ምን እንደሚሠራ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጥያቄ አወጣጥ ገባን። ከራሴ ፈተና አንድ ጥያቄ መዝዤ አቀረብኩ። ለዓመታት ስጠይቀው የኖርኩት ነው፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር። "ከሚከተሉት ትልቁ የቱ ነው? 0.7፣ 0.35፣ 0.482።" አብዛኞቹ ልጆች ይመልሱታል። የሚስቱት 0.482ን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም 482 ከ7 ይበልጣላ! "ስለዚህ ይህ ጥያቄ ያልገባቸውን በደንብ ይለያል" አልኩ፣ በኩራት።

አንዲት ወጣት መምህርት እጇን አወጣች። "አጭሩ ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ የሚያስብ ልጅ ቢኖርስ?" አለች። እንዲህ ዓይነት ልጆች አሉ። ከነጥብ በኋላ ቁጥር በበዛ መጠን ዋጋው እያነሰ ይሄዳል ብለው ያምናሉ። የሺኛ ቤት ከአሥረኛ ቤት ማነሱን ይሰሙና ያንን ወደ ቁጥሩ ሁሉ ያዞሩታል። እንዲህ የሚያስብ ልጅ የእኔን ጥያቄ ሲያይ አጭሩን 0.7ን ይመርጣል። እኔም ራይት እሰጠዋለሁ። ምንም ሳይገባው!

ጥያቄውን እዚያው አስተካከልነው። 0.7፣ 0.85፣ 0.482። አሁን ረጅሙ ይበልጣል የሚለው ልጅ 0.482 ላይ ይወድቃል። አጭሩ ይበልጣል የሚለው 0.7 ላይ ይወድቃል። 0.85ን የሚመርጠው ቢያንስ ከሁለቱ አጉል እምነቶች ነጻ ነው። አንድ አማራጭ ነው የተቀየረው። ለስንት ዓመት ስንት ልጅ በውሸት ራይት እንዳሳለፍኩ ግን አሰብኩት፤ ዛሬም ሳስበው ደስ አይለኝም።

ከዚያ ወዲህ የምርጫ ጥያቄ ሳወጣ ከትክክለኛው መልስ አልጀምርም። "ያልገባው ልጅ ምን ብሎ ያስባል?" ከሚለው እጀምራለሁ። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ አማራጭ አንድ የማውቀው የልጅ ሐሳብ ከሌለኝ አማራጩን እሰርዘዋለሁ። "ሁሉም መልስ ናቸው" በሰላም ተሰናበተ። ጥያቄዎቼ በቁጥር አነሱ፤ ፈተና ማውጣት ግን ከበፊቱ ረጅም ጊዜ ይወስድብኝ ጀመር።

እርማቴም ተለወጠ። አንዲት ተማሪዬ አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛ ደምራ ሁለት ሰባተኛ ብላ ጻፈች። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት። በየዓመቱ የማየው ስህተት ነው። ድሮ ቢሆን ኤክስ አድርጌ አልፋለሁ። ቢበዛ "የጋራ ታህት ፈልጊ" ብዬ እጽፋለሁ፤ እሷም ታደርገዋለች፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባት። አሁን የጻፍኩላት "አንድ ሦስተኛ ማለት ሁለት ስድስተኛ ነው። ሁለት ሰባተኛ ከእሱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" የሚል ነው። ቁጥር አልሰጠሁም። በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ ደምሬ እንዴት አነሰ?" አለችኝ። የራሷን ስህተት ራሷ ያዘችው። የቀረው ማስተማር አሥር ደቂቃም አልፈጀ።

ቁጥር አልሰጠሁም ያልኩት በምክንያት ነው። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ተማሪዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን አስተያየት ብቻ፣ ሌላው ማርክ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። አስተያየት ብቻ ያገኙት ሥራቸውም ፍላጎታቸውም ተሻለ። ሁለቱንም ያገኙት ግን ማርክ ብቻ እንዳገኙት ሆኑ። ቁጥሩ አስተያየቱን ዋጠው ማለት ነው። ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ይህ አይገርመውም። ወረቀት ስትመልሱ ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥሩን ነው። ቀጥሎ የጎረቤቱን ቁጥር። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነበር እንዳልል ግን ያጋጠመኝን ልናገር። የመጀመሪያ ሳምንት ማርክ የሌለው ወረቀት ስመልስ ክፍሉ አመፀ። "ከስንት ነው?" "ስንት አገኘሁ?" ወላጆች "ልጄ ስንት እንዳመጣ የማይነግሩኝ ለምንድን ነው?" አሉ፤ እውነታቸውን ነው። የራሴም ጥፋት ነበረበት። ሲደክመኝ አስተያየቴ ወደ "በርታ" እና "ጥሩ ነው" ይወርዳል። "በርታ" ደግሞ ለሚቀጥለው ጥያቄ ምንም አይፈይድም። ክሉገር እና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ጥናቶችን አጠናቅረው ሲያዩ፣ ከሦስት አንድ በላይ በሚሆኑት ግብረ መልሱ ሥራን ጭራሽ አዳክሟል። አስተያየት ስለተጻፈ ብቻ ይጠቅማል ማለት እንዳልሆነ በራሴ እስክሪብቶ አይቼዋለሁ።

በቃል መጠየቅም እንዲሁ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት መምህር ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲረዝም የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ ምን አላት ትላላችሁ። ሞክሯት! በተሞላ ክፍል ፊት ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ መቆም ዘለዓለም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ።

ከስልጠናው ተመልሼ አራት ወር አልሞላኝም ወደ ድሮዬ መንሸራተት ጀመርኩ። ምክንያቱ ቅጽ ነው። አዎ፣ ቅጽ። ተከታታይ ምዘና በሚል ስም የሚሞላ ሠንጠረዥ ይሰጠናል። አጭር ፈተና ከአምስት፣ የቤት ሥራ ከአምስት፣ የቡድን ሥራ ከአሥር፣ ደግሞ አጭር ፈተና ከአምስት። የሚቆጣጠረን አካል ሲመጣ የሚያየው ሳጥኖቹ መሞላታቸውን ነው። ለዚያች ልጅ የጻፍኩላት ጥያቄ የሚገባበት ሳጥን የለም። "ሰኞ አልገባትም ነበር፣ ረቡዕ ገባት" የሚባልበት ሳጥን የለም። እንዲያውም የሰኞው ዜሮ ተመዝግቦ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይከተላታል። አንድ ባልደረባዬ "ይሄ ተከታታይ ምዘና ሳይሆን ተከታታይ ፈተና ነው" ይላል። የቡድን ሥራውንማ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ልጅ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ስድስቱም ዘጠኝ ያገኛሉ።

እንግዲህ አስቡት። በስልጠናው "ልጁን የት እንዳለ እወቁ" ትሉናላችሁ። በቅጹ "ቁጥር አምጡ" ትሉናላችሁ። ቅጹን የሚያዘጋጀው ሌላ ክፍል ነው እንደምትሉኝ ይገባኛል። ለእኛ ግን ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ በር ነው። ሁለቱ ሲጋጩ መምህር የሚታዘዘው ለቅጹ ነው፤ የሚጠየቀው በእሱ ነዋ።

ከመንሸራተት ያዳነኝ ነገር ትንሽ ነው። ያቺ አሰልጣኝ ተመልሳ መጣች። የክፍል ምልከታ ቅጽ ይዛ ነጥብ ልትሰጠኝ አልነበረም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት ክፍለ ጊዜ አየች። ከዚያ የሳምንቱን ወረቀቶች አብረን አረምን። "ይህን አስተያየት ልጁ አንብቦ ምን የሚያደርግበት ይመስልሃል?" ብላ ጠየቀችኝ። አየሁት። "ይበልጥ ተጠንቀቅ" ነው የሚለው። እኔም ብሆን ምንም አላደርግበትም። ጆይስ እና ሻወርስ የተባሉ የመምህራን ስልጠና ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው የሚሉት ይህንኑ ነው። ንድፈ ሐሳብ መንገር፣ አሠርቶ ማሳየት፣ ማለማመድ ጥሩ ነው። ነገር ግን የተማሩት ነገር ክፍል ድረስ የሚዘልቀው አጠገብ ሆኖ የሚያግዝ ሰው ሲኖር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖል ብላክ፣ ዲላን ዊሊያም የተባሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በስድስት ትምህርት ቤቶች ከ24 የሂሳብና የሳይንስ መምህራን ጋር የሠሩት ሥራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ያለቀለት የአሠራር መመሪያ አላደሉም። መምህራኑ የሚሞክሩትን ራሳቸው መረጡ። ክፍል ሞከሩ፣ በየጊዜው እየተገናኙ የከሸፈውንም የሠራውንም ተነጋገሩ። ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደ። የተማሪዎቻቸው ውጤት ከሌሎቹ ተሻለ። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ወረቀት ላይ ሲጨቃጨቅ ያየ ሰው ለምን እንደሠራ ይገባዋል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። አዳራሹን ልቀቁትና አነስ ባለ ቡድን አድርጉት። በሁለት ተከታታይ ቀን የምትጨርሱትን ሰዓት በዓመቱ ውስጥ በትኑት፤ በመካከሉ ክፍል ገብተን ሞክረን እንድንመለስ። በትምህርት ዓይነት ለዩን። የሂሳብ መምህር ስለ አሥራዮሽ ቁጥር ስህተት ከታሪክ መምህር ጋር ሊጨቃጨቅ አይችልም፤ የታሪክ መምህሩም ድርሰት እንዴት እንደሚታረም ከእኔ የሚማረው ነገር የለም። አሰልጣኞቻችሁ ራሳቸው በቅርቡ ወረቀት ያረሙ ሰዎች ይሁኑ። ርዕሰ መምህራኑንና ሱፐርቫይዘሮቹንም አብራችሁ አስቀምጧቸው። አንዴ እነሱም ያንን የታንከር ጥያቄ ይረሙ፤ ስንት እንደሚሰጡት ለማየት ጓጉቻለሁ። ቅጹን ከሚያዘጋጀው ክፍል ጋርም ተነጋገሩ። ከአራቱ ሳጥን ሁለቱን ብታነሱልን እንኳ ለሁለት እውነተኛ አስተያየት ጊዜ እናገኛለን።

አንድ የማልጠይቃችሁ ነገር ቢኖር አዲስ ሞጁል ነው። ያለፉት ሦስቱ መደርደሪያዬ ላይ አሉ።

ለሚቀጥለው ስልጠና ጥሪ ስትልኩ ያቺን መስመር አትርሷት፤ "አርማችሁ የጨረሳችሁትን አምስት የፈተና ወረቀት ይዛችሁ ኑ" የምትለዋን። እኔ ምክንያት የሌለው አምስት የሰጠሁበትን የታንከር ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። እሱንም ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሂሳብ መምህር